ዲ ድራይቭ ኡቡንቱ ላይ ይታያል፣ ግን ምንም አይጻፍበትም

ጠያቂ፦ ካሜራው (ሐዋሳ)
ሰላም ናችሁ። ፒያሳ አካባቢ ሰርግ እቀርጻለሁ፣ ኤዲትም አደርጋለሁ። ያለን አንድ ዴስክቶፕ ነው። እኔ በዊንዶውስ 10 እሠራለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ለትምህርቱ ብሎ ኡቡንቱ 22.04 (ሊኑክስ ነው) ጎን ለጎን ጭኖበታል። የሁለታችንም ፋይል ዲ ላይ ነው፤ 1 ቴራ፣ ፎርማቱ የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ። እሱ ኡቡንቱ ገብቶ ዲን ሲከፍት ሁሉም ይታየዋል። የሆነ ነገር ኮፒ ላድርግ ሲል ግን «ሪድ ኦንሊ» (ማንበብ ብቻ) ይለዋል። የሚገርመው አንዳንዴ ይሠራል። ዲስኩ ሊሞት ነው እንዴ? የሰው ሰርግ ነው ያለበት!

መልስ፦ ዳኒ
ቀላል ነው። ፋይሉን ሌላ ቦታ ገልብጥና ዲን ኤክስፋት አድርገህ ፎርማት አድርገው። ሁለቱም ያነቡታል፣ ይጽፉበታል። ፋት32 ብቻ እንዳታደርገው፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

መልስ፦ ማሂ
ዳኒዬ ረጋ በል፣ ፎርማት የት ይሄድብናል። ካሜራው፣ የሚሠራው መቼ መቼ ነው? ከዊንዶውስ በሪስታርት ስትወጡ ነው ወይስ በሻት ዳውን?

ካሜራው፦
አሁን ሞከርነው። በሪስታርት ከወጣን ይጽፋል። ሻት ዳውን አድርገን ስናበራው እምቢ አለ። እንዴት አወቅሽ?

መልስ፦ ማሂ
ዲስክህ ደህና ነው። ነገሩ ፋስት ስታርትአፕ ነው፤ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አለ። ሻት ዳውን ስትለው ፕሮግራሞችህን ይዘጋል፣ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ግን ሲ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ቶሎ ለመነሳት ብሎ ነው። ስለዚህ ዲን ገና አልለቀቀውም። ኡቡንቱ በዚህ መሀል ቢጽፍበት፣ ዊንዶውስ ሲነቃ የሚያስታውሰውና ዲስኩ ላይ ያለው አይገጥሙም። ፋይል የሚበላሸው ያኔ ነው። ኡቡንቱ ይሄን ስለሚያውቅ እጁን ሰብስቦ ያያል እንጂ አይነካም። ሪስታርት ግን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል።

ኮንትሮል ፓነል ግባ፣ ፓወር ኦፕሽንስ። በግራ በኩል የፓወር ቁልፉ ምን እንደሚሠራ የሚመረጥበት መስመር አለ፣ እሱን ክፈት። ምርጫዎቹ ደብዝዘው ካየሃቸው ከላይ ያለችውን ሰማያዊ ጽሑፍ ንካት። ከዚያ «ተርን ኦን ፋስት ስታርትአፕ» ላይ ያለውን ራይት አንሳና ሴቭ በል። ሃይበርኔትም አታድርግ፣ ያው ነው። ለዛሬ ከቸኮልክ ሺፍትን ተጭነህ ሻት ዳውን በል።

ዳኒ፦
እሺ፣ ኤክስፋት ግን ምን አጠፋ?

መልስ፦ ጋሽ ጥገና
ለፍላሽ ምንም አይወጣለትም፣ ልጄ። ግን ጆርናል የለውም። ኤንቲኤፍኤስ የፋይሎቹን ማውጫ ከመለወጡ በፊት ምን ሊያደርግ እንደሆነ ይመዘግባል፤ መብራት ቢሄድበት ሲነሳ መዝገቡን አይቶ ያስተካክላል። ኤክስፋት ይሄ የለውም። ቪዲዮ እየወጣ መብራት ድርግም ቢል ዴስክቶፕ ባትሪ የለው! መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ (ዩፒኤስ) ከሌላችሁ ዲን እንዳለ ተዉት።

ሌላው፣ «በግድ ማውንት አድርገው» (ኡቡንቱ ላይ ድራይቩን በግድ ክፈተው) የሚል ምክር ብዙ ታያላችሁ። ዊንዶውስ የተኛበትን ፋይል ሰርዞ መክፈት ነው፤ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ አብሮ ይሄዳል። ኤንቲኤፍኤስፊክስ የሚባለው የሊኑክስ መጠገኛም ጥቃቅኑን ነካ ነካ አድርጎ ዋናውን ፍተሻ ለዊንዶውስ ይተዋል። ዲስኩን ከጠረጠራችሁት ዊንዶውስ ገብታችሁ የዲስክ መፈተሻውን፣ ቼክዲስክን፣ አስኪዱ።

ካሜራው፦
ሠራ! ራይቱን አነሳሁት፣ ሻት ዳውን አድርገንም ይጽፋል። አሁን ደግሞ ወንድሜ ያስገባው አንድ ፋይል ዊንዶውስ ላይ አልከፈት አለ። ስሙ «ቃለ መጠይቅ 3:30» ነው።

መልስ፦ ማሂ
ኮለኗ ናት። ሊኑክስ ዝም ይላታል፣ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበላትም። የጥያቄ ምልክትና ኮከብም እንደዚያው። ኡቡንቱ ገብቶ ስሙን ይቀይረው። ሰዓት መጻፉ ግድ ከሆነ በአማርኛ ኪቦርድ ያለችውን ሁለት ነጥብ ይጠቀም፤ ለዊንዶውስ እሷ እንደማንኛውም ፊደል ናት።

ካሜራው፦
3፡30 አለው፣ ተከፈተ። እግዜር ይስጥሽ ማሂ፤ ጋሼ እርስዎንም።

ጋሽ ጥገና፦
አሜን። ዊንዶውስ ትልቅ አፕዴት ከጫነ በኋላ ያቺን ራይት ሄደህ እያት፣ ራሷ ተመልሳ ልትበራ ትችላለች።