የፕሪየስ የኋላ ፍሬን ፒስተን አልገባ አለኝ

አሌክስ_ሾፌር፦
ሰላም ጎበዞች። መኪናዬ የ2012 ፕሪየስ ናት፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ራይድ እሠራባታለሁ። የቀኙ የኋላ ጎማ ድምፅ ሲያበዛ ፈታሁት። የውስጡ የፍሬን ሸራ ብረት ሊነካ ደርሷል፣ የውጩ ግን ገና ግማሽ አለው። አዲስ ሸራ ገዝቻለሁ። ግን ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወደ ውስጥ ለመመለስ በሞርሳ ብገፋው ንቅንቅ አይልም። የፊቱ እኮ በቀላሉ ገብቶ ነበር። ካሊፐሩ (ፒስተኑን ይዞ ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው) ሞቷል ማለት ነው? ጋራዥ የጠየቁኝን ዋጋ ባትሰሙ ይሻላል።

ግራሶ፦
ኧረ አትግፋው ወንድሜ! የኋላው ላይ ፓርኪንግ ፍሬኑ እዚያው ካሊፐሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ፒስተኑ እንደ ቡሎን እየዞረ ነው የሚገባው። ፓርኪንግ ፍሬኑን ልቀቅ፣ ከዚያ በሰዓት አቅጣጫ አዙረው። ማዞሪያውን የመለዋወጫ ሱቆች በማስያዣ ያውሱሃል። ሲገባ የፒስተኑ መስቀል ቅርጽ ከሸራው ጀርባ ካለችው ጉጥ ጋር ይግጠም፤ አለዚያ ሸራው ተንጋዶ ይበላል።
የውስጡ ብቻ ያለቀው ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ዝጎ ይመስለኛል። የክረምቱ ጨው ሥራ ነው። ፕሪየስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በኤሌክትሪክ ሞተሩ ስለሚቆም ፍሬኑ ሥራ ፈትቶ ይዝጋል። አጽዳና የፍሬን ግራሶ ቀባው።

ሳራ_ቢ፦
ካሊፐሩ ተፈትቶ ሳለ የሾፌሩን በር እንዳትከፍት! የፍሬን ፓምፑ በራሱ ተነስቶ ፒስተኑን ሊገፋው ይችላል። ዲስኩንም ለካው፤ ዝቅተኛው ውፍረት እላዩ ላይ ተጽፏል።

አሌክስ_ሾፌር፦
ዞረ! ፒኑ ግን በመዶሻ ነው የወጣው። ግራው ይቆይ?

ግራሶ፦
አይቆይም፣ ሸራ በጥንድ ነው የሚቀየረው። ከመንዳትህ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጥ።