ለ1.20 በ2 ሜትር መታጠቢያ ክፍል ሻወሩ 80 ይሁን 90 ሴንቲ?

ሰላም፣ የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ክፍል እድሳት ላይ የሻወሩን ልክ መወሰን አቅቶኛልና እርዱኝ።

ክፍሉ ሴራሚክ ሳይለጠፍ 1.20 በ2.00 ሜትር ነው። ሴራሚኩና ማጣበቂያው በየግድግዳው 1.5 ሴንቲ ስለሚበላ 1.17 በ1.97 ይቀራል (ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ዕቃው አልገባ ይለዋል)። በሩ አጭሩ ግድግዳ ላይ ሲሆን ወደ ውጭ ይከፈታል። ሻወሩ መጨረሻ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስለሚሆን ወርዱ 1.17 ነው፤ የቸገረኝ ጥልቀቱ፣ ማለትም ከክፍሉ ርዝመት (1.97) የሚወስደው ነው።

90 ከሰጠሁት 1.07 ይተርፋል። የሽንት ቤት መቀመጫው ከመሐሉ ወደ ግራና ቀኝ 38 ሴንቲ ይፈልጋል፣ በድምሩ 76። ለእጅ መታጠቢያው 31 ብቻ ይቀራል፤ እንደዚያ ያለ ትንሽ ሳህን ደግሞ ውኃውን ወለል ላይ ይረጫል። በ80 ግን 41 አገኛለሁ። ጉዳቱ፣ እግር ለመታጠብ ጎንበስ ሲሉ ክርን ግድግዳ ይመታል። እርግጥ የሻወሩ ራስ (ውኃ የሚረጨው) በጎን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በ1.17ቱ አቅጣጫ መጎንበስ ይቻላል።

የሚከፈት የመስታወት በር መቀመጫውን ስለሚመታ የሻወሩ ራስ ባለበት በኩል 60 ሴንቲ ቋሚ መስታወት አስቤያለሁ። ቀሪው 57 መግቢያ ይሆናል።

የወለሉ ተዳፋት በሜትር 2 ሴንቲ ነው። ማፍሰሻው መሐል ከሆነ 60 በ60 ሴራሚክ በአራት አቅጣጫ ካልተቆረጠ አይዘቀዝቅም፣ ውኃም ያቁራል።

80 በቂ ነው? 57 መግቢያስ ውኃ ያስወጣል? እንደ ቦይ ረጅምና ቀጭን የሆነውን ማፍሰሻ ከሻወሩ ራስ ሥር፣ ግድግዳው ጥግ ባደርገው ይሻላል?