ለታመሙት ካህን አባቴ ድጋፍ ማንን ልጠይቅ?

አባቴ ቄስ ናቸው። አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ደብር ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግለዋል። ቅዳሴው፣ ሰዓታቱ፣ ክርስትናው፣ ፍትሐቱ፤ በሌሊት ተጠርተው ቀርተው አያውቁም። አምና ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። በሕመም ምክንያት ተሰናበቱ።

ደብሩ መጀመሪያ ደመወዛቸውን አላቋረጠም፤ ለዚህ እናመሰግናለን። በኋላ ግን በጀት የለም ተባለ። የጡረታ መዋጮ ስላልተቆረጠላቸው ሌላ ገቢ የላቸውም። መድኃኒቱና ፊዚዮቴራፒው ከእናቴ አቅም በላይ ሆኗል። የምንኖረውም በደብሩ ቤት ነው።

የቅጥርና የስንብት ደብዳቤ፣ የሐኪም ማስረጃም አለኝ። ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ አስገብቼ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶኛል። መልሱ ሁሌም በቃል ነው፦ «ለሰበካ ጉባኤው (ደብሩን ለሚያስተዳድረው የካህናትና የምእመናን ጉባኤ) ቀርቧል፣ ጠብቁ»። አስተዳዳሪውም ተቀይረዋል፤ አዲሱ አባቴን አያውቋቸውም።

የንስሐ ልጆቻቸው ገንዘብ እያዋጡ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን በመዋጮ እስከ መቼ ይኖራል? ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ የምንሠራበት ቃለ ዓዋዲ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ፣ የካህናትን ኑሮ ማሻሻል ከሰበካ ጉባኤ ዓላማዎች አንዱ ያደርገዋል። ስለዚህ የምጠይቀው ምጽዋት አይመስለኝም።

የቤተ ክህነትን አሠራር የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች፣ የሰበካ ጉባኤው ውሳኔ በጽሑፍ ሳይሰጠኝ ለክፍለ ከተማው ቤተ ክህነት አቤት ማለት እችላለሁ?