«የሂደት ጉዳይ ነው» አሉን እንግዲህ

ትርሲት፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ የተለጠፈውን አያችሁት? «የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር በፈረንጆቹ 1893 ሴቶችን አልገፋም፤ የሂደት ጉዳይ ነው» ይላል ሰውየው። ደሜ ነው የፈላው። 22 ሴቶች በአባልነት ገቡ። ከዚያ ወንዶቹ ጠቅላላ ጉባኤ አስጠሩና ከኋላቸው በሩን ጠረቀሙት። እስከ 1913 አልተከፈተም። ይኼ ሂደት ከተባለ መግፋት የሚባለው የትኛው ነው?

ባሻ፦ «ሰውየው» እኔ ነኝ፤ ስም አለኝ። አሁንም እደግመዋለሁ፣ የሂደት ጉዳይ ነው። የማኅበሩ ምክር ቤት በ1892 ጉባኤውን ሳያማክር ሴቶች ይግቡ ብሎ ወሰነ። አባላቱ የሰሙት ካለቀ በኋላ ነው። የዕድራችሁ ሊቀመንበር እንዲህ ቢያደርግ ዝም ትላላችሁ?

አቤል፦ አባል መቀበል የምክር ቤቱ ሥራ አልነበረም እንዴ? በየዓመቱ ስንት ወንድ ሲገባ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራልን ያለ ከተቃዋሚዎቹ የባሕር ኃይል አድሚራሎች አንድ ነበር? ሂደቱ ትዝ ያላቸው ቀሚስ ሲያዩ ነው 😂

ትርሲት፦ አቤሎ ❤️ ባሻ፣ እንግሊዛዊው ፖለቲከኛ ኩርዘን ያን ጊዜ ለታይምስ ጋዜጣ የጻፈውን አንብብ። ሴቶች በተፈጥሯቸውም በአስተዳደጋቸውም ለአሰሳ አይሆኑም አለ። ከአሜሪካ የሚመጡትን ዓለም ዟሪ ሴቶችማ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካመጣቸው መዓቶች አንዱ ናቸው ብሎ ቁጭ። ስለ ቃለ ጉባኤ የተጨነቀ ሰው እንዲህ ይጽፋል?

ባሻ፦ ኩርዘን ያኔ የ34 ዓመት የፓርላማ ጎረምሳ ነው። የአንድ ሰው ደብዳቤ ይዘሽ ማኅበሩን በሙሉ አትክሰሺ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ምክር ቤት ከጉባኤ በላይ ነው ወይ?

ሙሉቀን፦ «በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ።» ባሻ፣ እስቲ ይኼን መልስ። ሂደቱ የተበላሸ ከነበረ 22ቱም የገቡት በተበላሸ ሂደት ነው። ታዲያ ለምን አላስወጧቸውም? ከነሱ አንዷ፣ ተጓዧ ኢዛቤላ በርድ እስክትሞት አባል ነበረች። ሌላ እንዳይጨመር ብቻ ነው የታገሉት።

ባሻ፦ የገባን ሰው ማስወጣት ነውር ስለሆነ ነዋ። ጨዋነት ነው።

ትርሲት፦ ጨዋነት 😂😂 በቃ ስክሪንሹት አንስቻለሁ። ሂደት ነው ሲል የነበረው ጨዋነት ጋ ደረሰ። ለመሆኑ የስኮትላንዱ ማኅበር በ1884 ሲቋቋም ጀምሮ ሴቶችን ሲቀበል ሰማይ ተደፋ? ሴቶቹን የደገፈው የለንደኑ ማኅበር ጸሐፊ ፍሬሽፊልድ ለምን በንዴት ሥራውን ለቀቀ? ሂደት ጠልቶ?

ጋሽ ደርቤ፦ ልጆች፣ ዋናውን ሰው ረሳችሁት። ያ ሁሉ ግርግር ሲያበቃ በ1893 ፕሬዚዳንት የሆነው ማን ነው? ክሌመንትስ ማርካም። በእኛ 1860 ከናፒየር ጦር ጋር የጂኦግራፊ ባለሙያ ተብሎ መቅደላ የመጣው። እስከ 1905 ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ደቡብ ዋልታ መርከብ ለመላክ ጉልበት ነበረው፤ በእሱ ዘመን አንዲት ሴት ግን አልተጨመረችም። ይኼ ማኅበር የእውቀት ብቻ አይደለም የምላችሁ ለዚህ ነው።

ባሻ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት፣ መቅደላን እዚህ ምን አመጣው?

ጋሽ ደርቤ፦ ሰውየው ራሱ ነው ያመጣው። ካርታ ያነሳው ለማን ነበር?

አቤል፦ ጋሼ ልክ ናቸው። ከመቅደላ ተዘርፎ ደላንታ ላይ የተቸበቸበው ንዋየ ቅድሳትስ?

ባሻ፦ እሱን ለብሪቲሽ ሙዚየም የገዛው ሆምዝ ነው! ሌላ ሰው፣ ሌላ ተቋም። እባካችሁ አታምታቱ።

ጋሽ ደርቤ፦ ማርካም ዘረፈ ብያለሁ? ቃሌን አትጠምዝዝ። አብሮ መጣ ነው ያልኩት።

ሙሉቀን፦ ባሻ ከመቅደላ ሲወርድ የእኔን ጥያቄ ይመልስልኝ። እየጠበቅኩ ነው።

ባሻ፦ እሺ፣ በ1913 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሴቶችን ያስገባው ማን መሰላችሁ? እናንተው የጠላችሁት ኩርዘን ራሱ! ነገሩ በሥርዓቱ ሲቀርብለት ደገፈ። ሂደት ነው ያልኩት ይኸው።

ትርሲት፦ ሂደት አይደለም ወንድሜ፣ ሕንፃ ነው። በዚያን ጊዜ አካባቢ ላውተር ሎጅ የሚባለውን ቤት ለማኅበሩ ገዙ። ብር ያስፈልጋል፣ መዋጮ ከፋይ መብዛት አለበት። እሱ ኩርዘንህ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሴቶች ድምፅ እንዳይሰጡ የሚታገለው ሊግ መሪ ነበር። መዋጮሽን አምጪ፣ የፓርላማ ምርጫ ላይ ግን ዝም በይ።

ባሻ፦ እና በብር ምክንያት ከሆነ መግባታቸው ይቅር? ግራ የገባሽ አንቺ ነሽ።

ትርሲት፦ ይቅር ያለ ሰው ካለ ጥቀስልኝ። ጥቀስ።

አቤል፦ ባሻ እየጻፈ ነው... ከቆየ ወዲህ እየጻፈ ነው 😂

ጋሽ ደርቤ፦ ካርታው ለማን ነበር ብዬ ነበር እኮ የጠየቅኩት።