«ላቤን ለሌባ አልሰጥም» ብሎ ቴሲስ (የመመረቂያ ጽሑፍ) መቆለፍ ምን ይባላል?

ብራና፦ ትናንት ዲፌንስ የጨረሰ ጓደኛችን ስራው ኦንላይን እንዳይወጣበት ላይብረሪውን ለምኖ መጣ። ለምን ስለው «ላቤን ለሌባ አልሰጥም» አለኝ። በጣም ነው የተናደድኩት፣ ፕሮፖዛል ሲጽፍ ሌሊቱን ሙሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ኢቲዲ፣ ያን ቴሲሶች በነጻ የሚነበቡበትን ድረ ገጽ፣ ሲያገላብጥ ነበር እኮ። የሰው ላብ ይነበባል የሱ ይቆለፋል?

አባይ ማዶ፦ ልጁ ልክ ነው። የኔን የማስተርስ ቴሲስ የወረዳውን ስም ብቻ ቀይሮ ሌላ ግቢ ያስገባው ሰው አለ፣ ምዕራፍ 2ን ከነፊደል ግድፈቱ። ላብ ማለት ይሄ ነው፣ ያልደረሰበት አያውቀውም።

የቡና ልጅ፦ ያማል ወንድሜ። ግን እንዴት አወቅክ? ሁለቱም ኦንላይን ስላሉ አይደል? ድሮ በሲዲ ገብቶ አቧራ ሲጠጣ የነበረውም ይሰረቅ ነበር፣ የሚያየው ነው ያልነበረው።

አባይ ማዶ፦ አወቅኩ ምን ፈየደልኝ? ለዲፓርትመንቱ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ እስካሁን መልስ የለም።

ጦቢያ፦ ቆይ እዚች «ላቤ» ላይ ልመለስ። የማን ላብ? እኔ ዳታ ስሰበስብ ገበሬዎቹ የአጨዳ ቀናቸውን ትተው ነው መጠይቁን ቁጭ ብለው የሞሉልኝ፣ ደሞዜም አልተቋረጠም፣ የተማርኩት በህዝብ ገንዘብ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ የወጣው አገራዊ የኦፕን አክሰስ (ለሁሉም ክፍት) ፖሊሲም በህዝብ ገንዘብ የተጠና ህትመት ናድሬ ላይ፣ የአገሪቱ የአካዳሚክ ጽሑፎች ዲጂታል ማከማቻ ላይ፣ ይግባ ነው የሚለው።

አባይ ማዶ፦ ገበሬው ቴሲስህን በእንግሊዝኛ ሊያነበው ነው?

ጦቢያ፦ የወረዳው ግብርና ባለሙያ ያነበዋል። ደውሎልኝ ያውቃል።

ሰፌድ፦ እኔ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ፒኤችዲ ላይ ነኝ፣ አርቲክል ካላወጣሁ አልመረቅም፣ ጆርናሉ «ይሄ ቀድሞ ወጥቷል» ቢለኝስ?

ብራና፦ ብዙ ጆርናሎች ቴሲስን እንደ ህትመት አይቆጥሩትም፣ የምትልኪበትን ፖሊሲ አንብቢ። ካልሆነ ኢምባርጎ ጠይቂ፣ ለተወሰነ ጊዜ ይዘጋልሻል ከዛ ይከፈታል። መብቱም በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ያንቺው ነው፣ ክፍት ሆነ ማለት የማንም ሆነ ማለት አይደለም።

ሰፌድ፦ ስናስረክብ የፈረምነው ፎርም ላይ ኢምባርጎ የሚል ምርጫ አይቼ አላውቅም። አማካሪዬም አልነገረኝም።

የቡና ልጅ፦ አማካሪዎችን ተዋቸው፣ የራሳቸውን ወረቀት መች አስገቡ።

ሰፌድ፦ የኔ አስገብቷል፣ ሁሉንም አትጨፍልቅ።

አባይ ማዶ፦ አዋጅ ጠቀሳችሁልኝ፣ ደብዳቤዬን ግን ማንም አልመለሰም። መልስ እስካገኝ ፒኤችዲዬን አልለቅም።

ጦቢያ፦ የሰረቀህ አንድ ሰው፣ የምትዘጋው ሁሉንም።