10ኛ ክፍል ጨርሳ ኢንጂነሪንግ ለምታስብ ልጅ የትኛው ትምህርት ላይ ትበርታ? (ጅማ)

ባጃጁ ከአጂፕ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጅማ ነኝ፣ ባጃጅ እነዳለሁ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ 10ኛን ጨረሰች። አሁን ናቹራል ወይስ ሶሻል የሚለው መጣ። የእሷ ሐሳብ ኢንጂነሪንግ ነው። ባለፈው የባጃጄ መብራት ሲጠፋ መካኒክ ጋ ልሄድ ስል «ቆይ» ብላ ፊውዙን ነቀለችና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳለች። ሌላ ገዝተን ስንከት በራ። ከዚያ ወዲህ እኔም አምኜባታለሁ።

ችግሩ ውጤቷ ነው። ሒሳብ 88፣ ባዮሎጂ 91፣ ፊዚክስ 63። ጎረቤት «ሶሻል ይቀላል፣ ሒሳቧን ይዛ ትለፍ» ይላል። አንድ አስተማሪዋ ደግሞ «ለሴት ልጅ ጤና ይሻላል» አላት። እኔ በሶሻል ነው የጨረስኩት፣ ምክሬን አትሰማም። ፊዚክሱን በሌላው ማካካስ ትችላለች?

የኪቶ ልጅ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የጎረቤትህን ምክር ወደዚያ በለው። ከሶሻል ተነስቶ ኢንጂነሪንግ አይገባም። ናቹራል ነው፣ አለቀ።

እኔ ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ፣ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ 3ኛ ዓመት ነኝ። ፊዚክስ በሌላ አይካካስም። ግን 63 ማምጣቷ አያስፈራ። እኔም 10ኛ ክፍል ፎርሙላ ሸምድጄ ነበር የምፈተነው። ጥያቄው ትንሽ ከተጣመመ አለቀልኝ። 11ኛ ላይ ቬክተር (እንደ ጉልበት መጠንም አቅጣጫም ያለው ነገር) ሲመጣ ከ30 7 አመጣሁ። ወረቀቱን እናቴ እስካሁን አላየችውም።

በራስህ ባጃጅ ላሳይህ። ሦስት ሰው ጭነህ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ትወጣለህ። ባጃጁና ሰዉ ተደምሮ 600 ኪሎ ነው እንበል፣ ዳገቱ ደግሞ 10 ዲግሪ። ክብደቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይስባል። እሱን ለሁለት ትከፍለዋለህ። አንዱ ጎማውን አስፋልቱ ላይ ይጫናል፣ ሌላው ወደ ኋላ ይጎትትሃል። ወደ ኋላ የሚጎትተው 600 ሲባዛ በ9.8 (የመሬት ስበት)፣ ሲባዛ በሳይን 10 ነው። ሳይን የዳገቱን ማዕዘን ወደ ቁጥር የሚቀይር የትሪጎኖሜትሪ ስሌት ነው፤ ሳይን 10 ወደ 0.17 ነው። 1000 ኒውተን (የጉልበት መለኪያ) አካባቢ ይወጣል። አንድ ኩንታል ቡና ከኋላህ በገመድ ተንጠልጥሎ እየጎተተህ ነው ማለት ነው። አንደኛ ማርሽ የምታስገባው ለዚህ ነው።

እዚህ ውስጥ ፊዚክሱ ሥዕሉ ነው፣ የቀረው ሒሳብ። እህትህ ሒሳቡ አላት። ክረምቱን ጥያቄ ባየች ቁጥር መጀመሪያ ትሳል፣ ጉልበቱ ወዴት እንደሚስብ በቀስት ታሳይ፣ ከዚያ ፎርሙላ ትፈልግ። ትሪጎኖሜትሪና ቬክተር እንዳይዘሏት። ባዮሎጂን ግን ለማለፍ ያህል ካነበበች ይበቃታል።

ቾክ በእጄ፦
የኪቶ ልጅ፣ የባጃጇን ነገር ወድጄዋለሁ፣ ክፍል ውስጥ እጠቀምባታለሁ። የመጨረሻው ምክርህ ላይ ግን አልስማማም። ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ለባዮሎጂ የምከራከረው ወድጄው አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ባዮሎጂም ፊዚክስም እኩል ከ100 ነው የሚያዙት። የስድስቱ ፈተና ድምር ከ600 ነው፣ ግማሹን ያላመጣ አያልፍም። ያ 91 ወርቅ ነው፣ ለምን ይጣላል? ደግሞ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ እዚሁ ጅማ ይሰጣል። የሆስፒታል ማሽን የሚጠግን ሰው የልብን አሠራር ካላወቀ ምኑን ይጠግናል?

ወንድሜ፣ ስለ እንግሊዝኛ አልነገርከንም። ብዙ ተማሪዎቼ ፊዚክስ ከበደን ይላሉ። ጥያቄውን ወደ አማርኛ ወይ ወደ ኦሮምኛ ስመልስላቸው ይሠሩታል። እስከ 8ኛ በአፍ መፍቻቸው ተምረው 9ኛ ላይ ሁሉም እንግሊዝኛ ሲሆን የሚጠፋባቸው ብዙ ናቸው። የተሳሳተችባቸውን ጥያቄዎች አስነብባትና «ምን እያለ ነው?» በላት።

«ለሴት ልጅ ጤና ይሻላል» ላላት ባልደረባዬ ግን መልስ የለኝም። ያናድዳል።

የኪቶ ልጅ፦
ቲቸር፣ ልክ ነዎት። የባዮሎጂውን መልሼ ወስጃለሁ 😅። አንድ ነገር ልጨምር፦ የሳሙና ካርቶን ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ እያየች ትሳል። ኢንጂነሪንግ ድሮዊንግ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው እሱ ላይ ነው።

ባጃጁ ከአጂፕ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ናቹራል ሆኗል። ቲቸር ያሉት ደርሷል፣ ከስምንት ጥያቄ ሦስቱን እንግሊዝኛው ነው ያሳሳታት። የባጃጁን ጥያቄ አነበብኩላት፤ «10 ዲግሪ ማን አለ?» ብላ ትናንት ጅሬን ዳገት ላይ አስቆመችኝ። ስልኳን አስፋልቱ ላይ አስተኝታ ለካች። ከኋላ ያሉት እናት «ምን ጠፋባት?» ይሉኛል። 7 ዲግሪ ነው አለች።