ስልኬ ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ባትሪው ይወርዳል፣ 30 ላይ ሲደርስ ደግሞ ድርግም ይላል

የሃያ ሁለቱ ሹፌር፦

ሰላም ቤተሰብ። አዲስ አበባ ውስጥ በአፕ እየተጠራሁ ሰው የማመላልስ ሹፌር ነኝ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ስልኬ አያርፍም። ካርታው ክፍት ነው፣ ዳታው ክፍት ነው፣ የስክሪኑ ብርሃን መጨረሻው ላይ ነው፤ ካለዚያ ፀሐይ ላይ አይታየኝም። ስልኩ አንድሮይድ ነው፣ ባትሪው 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ ከገዛሁት ገና 1 ዓመት ከ4 ወሩ።

ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መኪና ውስጥ ሰክቼው እያለ ይወርዳል። ጠዋት 100 ይዤ ወጥቼ፣ ሳልነቅለው፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ 40 ሆኖ አገኘዋለሁ። ሁለተኛ፣ 30 ወይም 28 ላይ ሲደርስ ሳያስጠነቅቅ ይጠፋል። ትናንት አንዲት እናት ከታመመ ልጃቸው ጋር ከአያት ሰፈር ጭኜ ወደ ሆስፒታል ስሄድ መገናኛ ላይ ጠፋብኝ። መንገዱን ስለማውቀው አደረስኳቸው፣ ሂሳቡ ግን ሳይዘጋ ቀረ። እሳቸው ደግሞ መንገድ የጠፋኝ መስሏቸው በጣም ደነገጡ፤ እሱ ነው ያሳዘነኝ።

ስልኩ ይፋጃል። ቀትር ላይ መስታወቱ ላይ ከተለጠፈው መያዣ ሳነሳው ጀርባውን መያዝ ያቅተኛል። ማታም ተሰክቶ ነው የሚያድር። አንዱ ጓደኛዬ "አዲስ ግዛ" ይለኛል፣ ለአዲስ የሚሆን ብር አሁን የለኝም። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ልጅ ከሳሪስ፦

ወንድም እኔ የማደርገውን ልንገርህ። በሳምንት አንዴ ዜሮ እስኪገባ እጨርሰዋለሁ፣ ከዚያ አጥፍቼ 8 ሰዓት ሙሉ ቻርጅ አደርገዋለሁ። አፖቹንም በየጊዜው ጠርጌ እዘጋለሁ። አባቴ ከመጀመሪያ ሞባይሉ ጀምሮ እንዲህ ነው ያስተማረኝ። ሞክረው።

ጠጋኙ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስልኩን ከመስታወቱ ላይ አንሳው። ዛሬውኑ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

የስልክ ጥገና ሥራዬ ነው። የሹፌር ስልክ ሲመጣልኝ ገና ሳልከፍተው አውቀዋለሁ። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ጠፍጣፋ አይተኛም፣ ይሽከረከራል። በአንድ ጎን ስክሪኑ ከጠርዙ ለቅቋል። ባለፈው ሳምንት አንዱን ሙጫውን በሙቅ አየር አላልቼ ስከፍተው ባትሪው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ጀርባውን ገፍቶታል። ባለቤቱ "ጥዬው አላውቅም እኮ" እያለ ይምላል። እውነቱን ነው፣ አልወደቀም። ፀሐይ ነው ያበሰለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካል ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ይበላሻል፣ ሲብስም ጋዝ ይፈጥራል፤ እብጠቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። በዚህ መንገድ የጠፋ አቅም ተመልሶ አይመጣም። አፕል እንኳ አይፎንን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ ተጠቀሙበት ነው የሚለው። በበጋ ቀትር ላይ መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከዚያ በብዙ ያልፋል። አንተ ደግሞ ሙቀት ደራርበህበታል፤ የፀሐዩ አለ፣ የካርታውና የስክሪኑ አለ፣ የቻርጁ አለ። ባትሪ ክፉኛ የሚጎዳው ደግሞ ሞልቶ ሳለ ሲግል ነው፣ ያንተ 100 ሆኖ ነው ፀሐይ ላይ የሚወጣው።

30 ላይ ድርግም የሚለው ኃይሉ አልቆ አይደለም። ባትሪ ሲያረጅ የያዘውን ኃይል ቶሎ አውጥቶ መስጠት ያቅተዋል። ካርታው፣ ዳታውና ስክሪኑ ባንዴ ሲጠይቁት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ስልኩም ራሱን ለመጠበቅ ይጠፋል። ትንሽ ቆይተህ ስታበራው 25 ምናምን አያሳይህም? ለዚህ ነው።

አሁን የመኪናህን ቻርጀር አዙረህ ትንሿን ጽሑፍ አንብብ። 5 ቮልት 1 አምፒር ካለ 5 ዋት ብቻ ነው የሚሰጥህ። ብርሃኑ እስከ መጨረሻ የተከፈተ ስክሪን ከካርታና ከዳታ ጋር ተደምሮ አብዛኛውን እዚያው ይበላዋል። ገመዱ ረጅምና ቀጭን ከሆነ እሱም ይቀንስልሃል። ስልኩ ሲግል ደግሞ ራሱ የሚቀበለውን ይቀንሳል፣ ከባሰም ጭራሽ ያቆማል። ስለዚህ ተሰክቶ መውረዱ አይግረምህ።

ከሳሪስ ለጻፍከው ወንድም፣ አባትህ ተሳስተው አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሞባይሎች ብዙዎቹ ኒኬል ያለበት ባትሪ ነበራቸው፣ እሱን አልፎ አልፎ ጨርሶ መሙላት ይመከር ነበር። አሁን እጃችን ላይ ያለው ሁሉ ሊቲየም ነው። ሊቲየምን ዜሮ ማስገባት ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። አፕ እየጠረጉ መዝጋትም እንደዚያው ነው፤ ሁሌ የምትጠቀመውን አፕ ዘግተህ እንደገና ስትከፍተው ከዜሮ ስለሚነሳ የበለጠ ይበላል።

ነርሷ ከመንዝ፦

እኔ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። እኛ ጋ መብራት ሁለት ሦስት ቀን የሚጠፋበት ጊዜ አለ፣ ወላድ ስትመጣብን አምቡላንስ የምንጠራው በዚሁ ስልክ ነው። ስለዚህ ባትሪ መቆጠብ ለእኔ ቀልድ አይደለም።

ብዙ ሰው ስክሪኑን ብቻ ነው የሚወቅሰው። ኔትወርክ ግን ባልተናነሰ ይበላል። ስልክ ማማው ሲርቀው ጉልበት ጨምሮ ነው የሚጮኸው፣ ሲጠፋበት ደግሞ ሳያቋርጥ ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ማማውም ሲደክም ስልኬ ኪሴ ውስጥ ምንም ሳልነካው ይግል ነበር። አሁን የማደርገው ይኸው ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ ሲም ካርድ የሚለው ጋ ገብቼ፣ 4ጂው እየመጣ እየሄደ የሚያስቸግር ቀን ተመራጭ ኔትወርክን ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ አወርደዋለሁ። ለጥሪ ይበቃኛል። ሁለት ሲም ስላለኝ የማልጠቀምበትን አጠፋዋለሁ። ምንም ኔትወርክ የሌለበት ገደል ውስጥ ስንሄድ ኤርፕሌን ሞድ አደርገዋለሁ፣ ጋራው ጫፍ ላይ ስንደርስ እከፍተዋለሁ።

ብርዱም አለ። ጠዋት ጠዋት እኛ ጋ ውርጭ ነው፣ ስልኩ ማታ ከተውኩት ቁጥር በታች ያሳየኛል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። ያ ግን እንደ ሙቀቱ አይደለም፣ ጋቢ ውስጥ ትንሽ አሙቄው ይመለሳል። ወንድሜ አንተ ከተማ ስለሆንክ የኔትወርኩ ችግር ይቀልልህ ይሆናል፣ ሁለተኛውን ሲም ግን እየው።

ከአቡ ዳቢ፦

እኔም እዚህ ሹፌር ነኝ። በጋ ላይ 45 ዲግሪ የሚያልፍ ቀን ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ስልኬን ዳሽቦርድ ላይ ትቼ ሱቅ ገብቼ ስመለስ "ስልኩ በጣም ሞቋል" የሚል ጽሑፍ ብቻ ይዞ ጠበቀኝ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ፍሪጅ ውስጥ ከተተልኝ፣ ውስጡ ላብ ይዞ ካሜራው ደበዘዘ። ማንም ሰው ፍሪጅ ውስጥ እንዳያስገባ፣ አደራ። ከፀሐይ አውጥታችሁ፣ ከቨሩን አውልቃችሁ፣ ጥላ ውስጥ ተዉት።

አሁን መያዣዬ የኤሲው አየር መውጫ ላይ የሚሰካው ነው። ስልኩ እዚያ ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው። አዲስ አበባ ኤሲ ባትከፍትም ተራው ነፋስ ይበቃሃል፣ ጠዋት ማሞቂያ ስትከፍት ብቻ አንሳው። ሌላው፣ ብዙ አዳዲስ ስልኮች ላይ ቻርጁን 80 ላይ የሚያቆም ምርጫ ባትሪ ሴቲንግ ውስጥ አለ፣ እሱን አብራው።

የሃያ ሁለቱ ሹፌር፦

እግዚአብሔር ያክብርልኝ ሁላችሁንም። እህቴ ከመንዝ፣ ሁለተኛዋ ሲሜ ለካ ስድስት ወር ሙሉ ያለ ሥራ ተከፍታ ኖራለች፣ አጠፋኋት። ቻርጀሩንም አየሁት፣ እንዳልከው 5 ቮልት 1 አምፒር ነው። መያዣውን ዛሬ ቀየርኩት።

ጠጋኙ፣ ሦስት ነገር ልጠይቅህ። ዳርክ ሞድ፣ ስክሪኑን ጥቁር የሚያደርገው፣ እውነት ይረዳል ወይ? ፓወር ባንክ ልግዛ ወይስ ይቅር? ባትሪ ስቀይር ደግሞ እንዳልሸወድ ምን ልይ?

ጠጋኙ፦

ዳርክ ሞድ እንደ ስክሪኑ ዓይነት ነው። ኦሌድ የሚባለው ከሆነ ጥቁሩ ቦታ ላይ መብራቱ ራሱ ስለሚጠፋ ይቆጥባል፣ በተለይ አንተ ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ስለምትከፍት። ኤልሲዲ የሚባለው ከሆነ ከጀርባው ያለው መብራት ጥቁርም ነጭም ቢሆን ይበራል፣ ለውጥ የለውም። ለማወቅ ሙሉ ጥቁር ፎቶ ክፈትና ማታ መብራት አጥፍተህ እየው። ስክሪኑ ከጨለማው ጋር አንድ ከሆነ ኦሌድ ነው፣ እንደ ጉም ግራጫ ሆኖ ከታየህ ኤልሲዲ ነው።

ፓወር ባንክ ለአንተ አስቸኳይ አይደለም፣ መኪና አለህ። በዚያ ብር ጥሩ ቻርጀርና አጭር ወፍራም ገመድ ግዛ፣ 18 ዋት ወይም ከዚያ በላይ፣ ስልክህ የሚቀበለውን ዓይነት። ፓወር ባንክ የሚገዛ ሌላ ሰው ካለ ግን ይህን ይወቅ፤ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚለው ቁጥር የውስጡ ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲቆጠር ነው፣ 74 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ወደ 5 ቮልት ሲቀየርና ሲሞቅ የሚባክን አለ። ስለዚህ ባለ 5000 ስልክን አራቴ ይሞላል ብለህ ስትጠብቅ ሦስቴ አካባቢ ነው የሚሞላው። ሻጩ አታሎህ ላይሆን ይችላል። ኪስ ውስጥ የምትገባ ቀላል ነገር 50,000 ተብሎ ከተጻፈባት ግን እሷን እለፋት።

ባትሪ ስትቀይር ለስልክህ ሞዴል የተሠራውን ብቻ ውሰድ፣ የተመረተበትን ቀን እይ። ሦስት አራት ዓመት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ባትሪ፣ አዲስ ቢባልም፣ አርጅቷል። የተጻፈበት አቅም ከድሮው በጣም ከበለጠ ተጠራጠር፤ በዚያችው ስፋት ውስጥ 5000 የነበረው 8000 አይሆንም። ዋስትና በጽሑፍ ጠይቅ። ሲከፈት አብረህ ቁም፣ አሮጌውን አውጥቶ ያሳይህ። እሱን ደግሞ ቤት ወስደህ ልጆች እንዳይጫወቱበት፤ ያበጠ ባትሪ ከተወጋ እሳት ሊነሳበት ይችላል።

አንድ የረሳሁት፤ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ስትሆን የካርታውን ድምፅ አብራና ብርሃኑን ዝቅ አድርገው። የአዲስ አበባን ካርታም ቤት ዋይፋይ ካለህ ቀድመህ አውርደው፣ መንገድ ላይ በዳታ አይጎትተውም።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጆቼ፣ ጥሩ ነገር ነው የተነጋገራችሁት። እኔ አንድ ልጨምር። መብራት ሲጠፋ ቻርጀራችሁን ከሶኬቱ ንቀሉት። ሲመለስ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመጣ፣ ርካሽ ቻርጀር ያንን አይችለውም። ባለፈው ዓመት የእኔም የጎረቤቴም ቻርጀር አንድ ሌሊት ተቃጠለ፣ የእሱ ስልኩንም ይዞበት ሄደ። መብራቱ ከመጣ በኋላ አምስት አሥር ደቂቃ ጠብቄ ነው አሁን የምሰካው።

የሃያ ሁለቱ ሹፌር፦

ጋሼ እናመሰግናለን፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ለእናቴም ነገርኳት።

ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ ምን እንደሆነ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው የተመለስኩት። ባትሪውን አስቀየርኩ፣ ቆሜ እያየሁ ነው የተከፈተው። አሮጌው መሃሉ ላይ አብጦ ነበር፣ በጣቴ ዳር ዳሩን ስነካው ስፖንጅ ይመስላል። ሠራተኛው "ትንሽ ብትቆይ ስክሪኑን ይሰብረው ነበር" አለኝ። ባትሪውን እዚያው ተውኩት። ቻርጀሩን ባለ 20 ዋት አደረግኩት። ስልኬ የ80ውን ምርጫ የለውም፣ ስለዚህ ማታ ሰክቼ ማደሩን ትቼ ራት ስበላ እሰካዋለሁ፣ ልተኛ ስል እነቅለዋለሁ። ስክሪኑን በጥቁር ፎቶ ሞከርኩት፣ ግራጫ ሆነ፣ ኤልሲዲ ነው፤ ዳርክ ሞዱን ተውኩት።

ከሁሉም የመያዣው ነገር ነው የገረመኝ። ባትሪውን ከመቀየሬ በፊት በነበሩት አራት ቀናት እንኳ፣ ነፋሱ ላይ ስለሆነ ብቻ፣ ስልኩ አልፋጀኝም፣ ሲሰካም መውረዱን አቆመ። ትናንት ከአያት ሰው ጭኜ መገናኛ ስደርስ አየሁት፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ 71 ይላል፣ ጀርባው ቀዝቃዛ ነው።